የድሮ ቀለበት ላይ ያሉ ትናንሽ አልማዞች፦ ጥራታቸውንና ዋጋቸውን እንዴት እናውቃለን?

የድሮ የአልማዝ ቀለበት እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካራት ነው?» ብሎ ነው። ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ ጥያቄው ትክክል ነው። ትናንሾቹ ላይ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ስፋት ያለው አልማዝ ብቻውን ተነቅሎ ቢሸጥ ብዙ አያወጣም። ዋጋው ያለው ከሥራው ጋር ነው። መቼ ተቆረጠ? እንዴት ተተከለ? አብረውት የነበሩት ድንጋዮች ሁሉ አሉ ወይ? የያዘው ብረትስ ምን ያህል ደህና ነው?

ስለዚህ ከብረቱ እንጀምራለን። ከዚያ ድንጋዩ እውነተኛ አልማዝ መሆኑን እናያለን። ቀጥሎ አቆራረጡ፣ መጠኑና ጉዳቱ ይመጣሉ። ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ቀለምና ጥራት እነዚህን ተከትሎ ነው። ምሳሌ የማደርገው ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ የእንግሊዝ ቀለበት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን ውስጥ በጨረታ ቤቶችም ሆነ በድሮ ዕቃ ገበያዎች በብዛት ይገኛል። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም ዱባይ ያላችሁም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማችኋል፤ አካሄዱ አንድ ነው።

መያዝ ያለባችሁ

ዋናው ዕቃ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ማለትም ትንሽ የእጅ ማጉያ መነጽር ነው። «30 እጥፍ»፣ «60 እጥፍ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ተዉት። ዳሩ ይደበዝዛል፣ የሌለ ቀለምም ያሳያል። የአልማዝ ጥራት ደረጃ ራሱ የሚወጣው በአሥር እጥፍ ማጉያ ነው። ሌላው ዲጂታል ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ የግራም መቶኛን የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ነጭ ወረቀትና ስቴኪኒ ነው። በቃ።

ሉፕ አያያዝ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሉፑን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት፣ እዚያው ይቆይ። የሚቀርበውና የሚርቀው ቀለበቱ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሲቀር ምስሉ ይጠራል። ሁለቱም ዓይኖቻችሁ ክፍት ይሁኑ፣ ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይታይም።

ከማጠባችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ቆሻሻ አልማዝ ምን እንደሆነ አይለይም። የእጅ ቅባትና ሳሙና ከሥሩ ሲጋገር ነጩ ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ መታጠብ አለበት፤ ግን መጀመሪያ ገልብጡት። ድንጋዩ ከኋላ በብረት የተደፈነ ከሆነ ውሃ አታስነኩት። በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ድንጋዩ እንዲደምቅ ከሥሩ ስስ ፎይል ይነጠፍ ነበር። ውሃ ከገባበት ይጠቁራል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

ጀርባው ክፍት ከሆነ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ሳህን ውስጥ እጠቡት እንጂ ሲንክ ላይ እንዳታደርጉት። የላላ ድንጋይ ካለ ሳህኑ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በረኪና ፈጽሞ አታስነኩት፤ ወርቁ ውስጥ የተቀላቀሉትን ብረቶች ይበላል። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበውን ማሽንም ለድሮ ዕቃ አልመክርም። ለዓመታት ላልቶ የቆየን ድንጋይ ነቅሎ ይጥላል።

ማኅተሙንና የኋላ ሥራውን ማንበብ

ከመቀጠላችን በፊት ሁለቱን ካራቶች እንለይ። የወርቅ ካራት የንጽሕና መለኪያ ነው፦ 24 ንጹሕ ነው፣ 18 ደግሞ ከ1000 እጅ 750ው ወርቅ ነው። የአልማዝ ካራት ክብደት ነው፦ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፣ በ100 ነጥብም ይከፈላል። አሥር ነጥብ ሲባል 0.10 ካራት ማለት ነው።

አሁን የቀለበቱን የውስጥ ክብ በሉፕ እዩ። እንግሊዝ ውስጥ የነብር ራስ ምልክት ለንደን መፈተሹን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም መፈተሹን ያሳያል። ከጎኑ ያለው ፊደል ዓመቱን ይናገራል፤ የፊደሎቹን ዝርዝር በቀላሉ ታገኛላችሁ። 9፣ 12 እና 15 ካራት እንግሊዝ ውስጥ ሕጋዊ የሆኑት በ1854 ነው። 12 እና 15 በ1932 ቀርተው በ14 ተተኩ። ስለዚህ የእንግሊዝ ቀለበት ላይ «15» ካያችሁ ዕድሜው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ከ1838 ጀምሮ ለ18 ካራት ወርቅ የንስር ራስ፣ ከ1912 ጀምሮ ለፕላቲነም የውሻ ራስ ትመታለች።

የኛ ምሳሌ ቀለበት ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት «18 ካራትና ፕላት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቀለበቱ 18 ካራት ወርቅ፣ ድንጋዮቹ የተተከሉበት ፊት ፕላቲነም ነው ማለት ነው። የፍተሻ ማኅተም ከጎኑ አለመኖሩ ብቻውን አያስደነግጥ። እንግሊዝ ውስጥ ፕላቲነም ላይ የፍተሻ ማኅተም ግዴታ የሆነው በ1975 ነው።

ማኅተም ከሌለ ብረቱ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ፊቱ ብር፣ ጀርባው ወርቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ያኔ ነጭ ወርቅ አልተለመደም፤ አልማዝ በቢጫ ወርቅ ሲከበብ ቢጫ ስለሚመስል ፊቱን በብር ይሠሩት ነበር። ፕላቲነም ጌጥ ላይ የተስፋፋው ከ1900 ወዲህ ነው። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕላቲነም ለጌጥ እንዳይውል ስለከለከለች የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቀለበቶች በብዛት ወርቅ ናቸው።

ከማኅተሙ ይልቅ እኔ የምተማመነው በቀዳዳዎቹ ነው። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጀርባ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። በእጅ የተሠራ ከሆነ ቀዳዳው በመጋዝ ተቆርጦ ጎኖቹ ተሞርደውና ተወልውለው ታያላችሁ፤ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። በቅርቡ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ቀለበት ግን ጠርዙ ድቡልቡል ነው፣ ማዕዘኖቹ ውስጥም ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። ገበያው ላይ «አርት ዲኮ» (የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ የጌጥ ስልት) እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ቀለበት የዚያ ዘመን ቅርጽ ያለው አዲስ ዕቃ ነው። ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። የድሮ ዋጋ ከጠየቁባችሁ ግን ነው።

ድንጋዩ አልማዝ ነው ወይ?

እስትንፋስ ተፍቶበት ጉሙ ቶሎ ከጠፋ አልማዝ ነው የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አልማዝ ሙቀት ቶሎ ስለሚያስተላልፍ መሠረቱ እውነት ነው። ሁለት ሚሊሜትር በማይሞላ ድንጋይ ላይ ግን ዓይን ልዩነቱን አይዝም። ሉፑ ይሻላል።

መጀመሪያ ገጾቹ የሚገናኙበትን ጠርዝ እዩ። አልማዝ ላይ ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ብርጭቆ ላይ ዙሪያውን የተበላ፣ የተለሰለሰ ይሆናል፤ ውስጡም ክብ የአየር አረፋ ሊኖር ይችላል። በ1920ዎቹ ነጭ ዚርኮን የሚባል የተፈጥሮ ድንጋይ በአልማዝ ምትክ ይተከል ነበር። እሱም ጠርዙ ቶሎ ይላጫል። በላይኛው ገጽ በኩል ጎን ብላችሁ ስታዩት የታችኛው ጠርዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። አልማዝ መስመርን በፍጹም ሁለት አያደርግም። አልማዝ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሞይሳናይትም ሁለት ያደርጋል፤ እሱ ግን ለጌጥ ገበያ የወጣው በ1998 ነው። በዘመናችን «ዚርኮን» እየተባለ የሚሸጠው ሰው ሠራሹ ኪዩቢክ ዚርኮኒያም ገበያ የገባው በ1976 ነው። የ1930 ቀለበት ላይ ከእነዚህ አንዱን ካገኛችሁ ድንጋዩ በኋላ ተተክቷል።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና የአልትራቫዮሌት ባትሪውን አብሩ። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ፤ ብዙ ትናንሽ ድንጋይ ባለበት ጌጥ ላይ ደግሞ በአንድ አፍታ ብዙ ይናገራል። ከተፈጥሮ አልማዞች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት በዚህ ብርሃን ያበራሉ፣ አብዛኞቹም ሰማያዊ። ስለዚህ ሃያ ድንጋይ ያለው ጌጥ የተዥጎረጎረ መሆን አለበት፦ አንዱ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ደብዘዝ ያሉ፣ ሌሎቹ ጨለማ። ሁሉም እኩል፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ካበሩ አልማዝ መሆናቸውን ተጠራጠሩ። አንዱም ካላበራም በሌላ መንገድ አጣሩ። ይህ መጠቆሚያ ነው፤ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

እንደ እስክሪብቶ ያለው የሙቀት መፈተሻም ይረዳል። ጫፉ ብረቱን ከነካ ግን ውጤቱ ዋጋ የለውም፣ ትናንሽ ድንጋዮች ላይ ደግሞ ብረት አለመንካት ከባድ ነው። በየሙከራው መካከል ድንጋዩ ይቀዝቅዝ። ሞይሳናይት ይህን መፈተሻ አልፎ አልማዝ ነኝ ይላል። በላብራቶሪ የተሠራ አልማዝም ያልፋል፤ አልማዝ ነውና። እሱን በቤት ዕቃ መለየት አይቻልም። የሚያግዛችሁ አቆራረጡና የሥራው ዘመን ነው፣ ወደዚያ እንሂድ።

አቆራረጡ፦ ዋናው እዚህ ነው

በድሮ ጌጥ ላይ አቆራረጡን የለየ ሰው ሥራውን አጋምሷል። አምስት ዓይነት ማወቅ ይበቃል።

ሮዝ ከት የሚባለው ታቹ ዝርግ፣ ላዩ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ ነው። ብልጭታው ለስላሳ ነው። ስስ ስለሆነ ከስፋቱ አንጻር ክብደቱ ትንሽ ነው።

ኦልድ ማይን ከት ከላይ ሲታይ ማዕዘኑ የተለሰለሰ አራት ማዕዘን ይመስላል። የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ጠባብ ነው፣ የድንጋዩ ትከሻ ከፍ ይላል፣ የታችኛው ጫፉም ሹል ሳይሆን ተቆርጧል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 19ኛው መጨረሻ የነበረው ይህ ነው። ድንጋዮቹ መጀመሪያ ከህንድ፣ ከ1720ዎቹ ወዲህ ከብራዚል፣ ከ1867 በኋላ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ መጡ። ትናንሽ አልማዝ በብዛት የታየውም ከደቡብ አፍሪካው ግኝት በኋላ ነው።

ኦልድ ዩሮፒያን ከት የእሱ ክብ ልጅ ነው። ድንጋይን ክብ የማድረጉ ሥራ በማሽን ኃይል መሠራት ሲጀምር መጣ፣ እስከ 1930ዎቹ ቆየ። እሱን ለመለየት በላይኛው ገጽ በኩል መሃሉን ቁልቁል እዩ። ትንሽ ክብ ነገር፣ ቀዳዳ የሚመስል ካለ የተቆረጠው የታችኛው ጫፍ ነው። ዘመናዊ አልማዝ ላይ ይህ የለም። የድንጋዩን ወገብም (ላዩና ታቹ የሚገናኙበትን ዙሪያ) እዩ፤ በጥቂቱ የተዛባ ክብና እንደ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ከሆነ የድሮ እጅ ነው።

ሲንግል ከት የትናንሾቹ ዋና አቆራረጥ ነበር። ዘመናዊው ክብ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጽ ሲኖረው ይህ 17 ወይም 18 ብቻ ነው ያለው፦ ከላይ ስምንት፣ ከታች ስምንት፣ መሃል ላይ ስምንት ጎን ያለው ጠፍጣፋ። ገጾቹ ጥቂት ስለሆኑ ብልጭታው ሰፋ ያለና ረጋ ያለ ነው። ዘመናዊው ሁለት ሚሊሜትር አልማዝ በጥቃቅኑ ሲያብረቀርቅ ሲንግል ከት አንድ ጊዜ ቦግ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ቦግ ይላል። በአንድ ቀለበት ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ካያችሁ ልዩነቱን አትረሱትም።

አምስተኛው ዘመናዊው ክብ ነው። የቤልጂየሙ መሐንዲስ ማርሴል ቶልኮውስኪ አልማዝ ይበልጥ የሚያብረቀርቅበትን የአቆራረጥ ስሌት በ1919 አሳተመ፣ ገበያውም ቀስ በቀስ ተከተለው። ለጥቃቅን ድንጋዮች ይህን ሁሉ ገጽ መቁረጥ የሚያዋጣ የሆነው ግን ዘግይቶ፣ በተለይ የህንዷ ሱራት ከተማ የትናንሽ አልማዝ መቁረጫ ከሆነች በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን ወደ ሥራ ስናመጣው፦ በ1928 ማኅተም የተመታ ቀለበት ጎኖቹ ላይ ሲንግል ከት ይጠበቃል። ስድስቱ ሲንግል ከት ሆነው ሰባተኛው ዘመናዊ ከሆነ እሱ ምትክ ነው። ምትክ መኖሩ ቀለበቱን ከንቱ አያደርገውም፤ ዋጋው ላይ ግን መነገር አለበት። ሁሉም ዘመናዊ ከሆኑ ወይ ቀለበቱ አዲስ ነው፣ ወይ ድንጋዮቹ በሙሉ ተቀይረዋል።

መጠኑን መለካት

ያልተነቀለ ድንጋይ ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ስለዚህ ስፋቱን ለክተን እንገምታለን። ለክብ ዘመናዊ አልማዝ አንድ ሚሊሜትር ግማሽ ነጥብ ያህል ነው። 1.3 ሚሊሜትር አንድ ነጥብ፣ 1.5 አንድ ተኩል፣ 2 ሚሊሜትር ሦስት፣ 2.5 ስድስት፣ 3 ሚሊሜትር አሥር ወይም አሥራ አንድ፣ 3.8 ሃያ። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ መሆኑን ልብ በሉ። ሲንግል ከት ከዚህ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ሮዝ ከት በብዙ ይቀንሳል፣ ኦልድ ዩሮፒያን ጥልቅ ስለሆነ ትንሽ ይጨምራል።

ጀርባው ክፍት የሆነ የመሃል ድንጋይ ካለ ጥልቀቱንም በካሊፐር ያዙና ይህን ስሌት ተጠቀሙ፦ ስፋት በስፋት፣ ሲባዛ በጥልቀት፣ ሲባዛ በ0.0061። መለኪያው በሚሊሜትር፣ መልሱ በካራት ነው።

ምሳሌ ቀለበታችን መሃሉ ላይ 3.6 ሚሊሜትር ስፋትና 2.3 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ኦልድ ዩሮፒያን አለው እንበል። 3.6 በ3.6 በ2.3 በ0.0061 ሲባዛ 0.18 ካራት ይመጣል። ጎንና ጎን ስድስት ሲንግል ከት አሉ፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊሜትር። በአንድ ተኩል ነጥብ ብንይዛቸው 0.09፤ ለአቆራረጡ ትንሽ ስንቀንስ 0.08። ጠቅላላው ሩብ ካራት ገደማ ነው።

ሻጩ ግን «ግማሽ ካራት ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ ዓይንም ይስማማዋል። ምክንያቱን በሉፕ ታገኙታላችሁ። በዚያ ዘመን ድንጋዩን አተልቆ የሚያሳይ አተካከል በጣም የተለመደ ነበር። አልማዙ የተወለወለ ነጭ የብረት ሳህን መሃል ይቀመጣል። ሳህኑ በሹል መሣሪያ ተቆርጦ ገጽ ገጽ ስለተደረገ እሱም ያብረቀርቃል። ከክንድ ርቀት ብረቱና ድንጋዩ አንድ ይሆናሉ። በሉፕ ሲታይ የድንጋዩ ትክክለኛ ወገብ ከሳህኑ ውስጥ ብቅ ይላል፦ አምስት ሚሊሜትር የመሰለው ሦስት ተኩል ነው። ሥራው ራሱ ውብ ነው፣ ማንም እንዳይንቀው። ካሊፐሩን ግን ከወገብ እስከ ወገብ ያዙት፣ ከሳህኑ ዳር እስከ ዳር አትለኩ።

ጉዳት

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው የድንጋዩ ደረጃ ሳይሆን የጥገናው ሂሳብ ነው። ስለዚህ እዚህ አትቸኩሉ።

ድንጋዩን የሚይዙትን ጥፍሮች አንድ በአንድ ተመልከቱ። ጤነኛ ጥፍር ወገቡን አልፎ ድንጋዩ ላይ በደንብ ተኝቷል፣ አናቱም ድቡልቡል ነው። ያለቀው ጠፍጥፎ እንደ ወረቀት ሳስቷል ወይም ተነስቷል። ጥጥ ወስዳችሁ በስሱ አብሱት፤ ክሩ የተያዘበት ቦታ የተነሳ ጥፍር አለ። ከዚያ በስቴኪኒው እያንዳንዱን ድንጋይ ከጎን ቀስ አድርጋችሁ ንኩ። የሚነቃነቅ ካለ ቀለበቱ ከመጠገኑ በፊት እጅ ላይ አይውልም። ቀለበቱን ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ ስታደርጉትም የላላ ድንጋይ ሲንኳኳ ይሰማል።

ድንጋዩ ላይ የሚፈለገው ስባሪ ነው፤ የሚገኘውም ወገቡ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥፍር አጠገብ ወይም ጥፍሩ ሥር ተደብቆ። አልማዝ ከሁሉም ጠንካራ ነው ሲባል በመጫር ነው፤ ከተመታ ይሰበራል። የድሮ አልማዝ ገጾቹ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ መፋቅ ሊኖረው ይችላል፤ ከሌላ አልማዝ ጋር ለዓመታት ተፋጭቷል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነው። ከወገብ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ስንጥቅ ግን ድንጋዩን በጥገና ጊዜ ለሁለት ሊከፍለው ይችላል።

ከዚያ የቀለበቱ የታችኛው ክፍል። በዘመን ብዛት መሳሳቱን በካሊፐር እዩ፤ አንድ ሚሊሜትር ካልሞላ መጠናከር ይፈልጋል። ግራጫ፣ ድፍን ያለ የብየዳ እድፍ ካያችሁ እርሳስ ሊሆን ይችላል። እርሳስ እሳት ሲያገኘው ወርቅን ይበላል፤ ሠሪው ከመሥራቱ በፊት ሁሉንም ፍቆ ማውጣት አለበት። ይህ ዋጋ የሚያወርድ ነገር ነው።

ቀለምና ጥራት

ጂአይኤ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ያወጣው ደረጃ ቀለምን ከዲ እስከ ዜድ በፊደል ይመድባል። ለትናንሽ ድንጋዮች ያን ያህል መራቀቅ አያስፈልግም። ነጭ፣ ጥቂት ሞቅ ያለ፣ በግልጽ ቢጫ ወይም ቡኒ ብላችሁ ለዩ። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ የማይመታው መስኮት አጠገብ ሁኑ፣ ቀለበቱን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጡና ከጎን ተመልከቱ። በቢጫ ወርቅ የተከበበ ድንጋይ ከብረቱ ቀለም ስለሚወስድ ቢጫ ቢመስላችሁ ቶሎ አትፍረዱ። ከአንድ ፊደል ይልቅ የሚያሳስበው ድንጋዮቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው።

ጥራትም እንደዚሁ ነው። ሉፕ ሳይዙ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ፣ ወይም ድንጋዩ ደመና ለብሶ ብልጭታው ከሞተ ዋጋ ይቀንሳል። በሉፕ ብቻ የሚታይ ነጥብ በሦስት ነጥብ ድንጋይ ላይ ለዋጋው ምንም አያደርግም። እንዲያውም ለናንተ ይጠቅማችኋል፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ እንደርስበታለን።

ወደ ዋጋው

መጀመሪያ መሬቱን አግኙ፦ የብረቱ ዋጋ። ቀለበቱ 3.2 ግራም ይመዝናል እንበል። ሩብ ካራት ድንጋይ 0.05 ግራም ብቻ ስለሆነ ተዉት። ስሌቱ እንዲቀል ሁሉንም 18 ካራት ወርቅ አድርገን ብንይዘው 3.2 በ0.75 ሲባዛ 2.4 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይሆናል። የዕለቱን የአንድ ትሮይ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ ዓለም አቀፍ ዋጋ ለ31.1 አካፍላችሁ በ2.4 አባዙ። ከዚህ በብዙ ዝቅ አድርጎ የሚሰጣችሁ ሰው ድንጋዩንና ሥራውን በነፃ እየወሰደ፣ ወርቁንም እየቀነሰ ነው። ፒያሳ ያለ ወርቅ ቤትም ሆነ ዱባይ ዴይራ ያለ ነጋዴ ወርቅ በግራም ለማቅለጥ ሲገዛ ትናንሽ ድንጋዮችን አለመቁጠሩ የተለመደ ነው። እዚያ መሸጥ ያለበት የተሰበረና የማይጠገን ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ድንጋዮቹ። እዚህ ትልቁ ስህተት ሁሉንም ደምሮ በአንድ ካራት ዋጋ ማባዛት ነው። አሥር ባለ አሥር ነጥብ አልማዞች ክብደታቸው አንድ ካራት ነው፤ ዋጋቸው ግን የአንድ ትልቅ አልማዝ ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ትላልቅ ድንጋዮች ብርቅ ስለሆኑ የካራት ዋጋቸው በየደረጃው ይዘላል። ስለዚህ «ጠቅላላ ክብደት» የሚል ወረቀት ስታዩ ትልቁ ድንጋይ ስንት እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። በላብራቶሪ የሚሠራው አልማዝ ዋጋው በጣም ስለወረደ ተራ ዘመናዊ ትናንሽ ድንጋዮችም ብቻቸውን ብዙ አይጠየቅባቸውም። የድሮ አቆራረጦች በተለይ ኦልድ ማይንና ኦልድ ዩሮፒያን ግን ፈላጊ አላቸው፤ ዘመናዊ እናድርገው ብሎ እንደገና ማስቆረጥ ክብደትም ዕድሜም ያጠፋል።

ሦስተኛው ሥራው ነው፤ ብዙው ገንዘብ ያለውም እዚህ ነው። ሙሉ ማኅተም፣ የታወቀ ሠሪ ፊርማ፣ የብረቱ ጠርዝ ላይ በረድፍ የተሠሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሳይፋቁ መቆየታቸው፣ ሁሉም የመጀመሪያ ድንጋዮች መኖራቸው፣ የመጀመሪያ ሣጥኑ አብሮ መምጣቱ ዋጋ ይጨምራሉ። የጎደለ ድንጋይ ካለ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያስከፍለው የተካዩ እጅ ነው፤ ተመሳሳይ ሲንግል ከት መፈለጉም ጊዜ ይወስዳል። የጥገናውን ዋጋ አስጠይቁና ከግምታችሁ ቀንሱ።

ከዚያ የየትኛውን ዋጋ እንደምትፈልጉ ወስኑ። የኢንሹራንስ ግምት ዕቃው ቢጠፋ በሱቅ ዋጋ ለመተካት የሚወጣ ነው፣ ስለዚህ ከፍተኛው ነው። ነጋዴ የሚሰጣችሁ የራሱን ትርፍና ጥገና ቀንሶ ነው፣ ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ጨረታ ብዙ ጊዜ በመካከል ነው፤ ከሻጩም ከገዢውም ኮሚሽን እንደሚቆረጥ አትርሱ። የኢንሹራንስ ወረቀት ይዞ «ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ያንን ዋጋ አትክፈሉት። ኦንላይን ስታወዳድሩም የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

ገማቹ ከናንተ የማይገዛ ሰው ይሁን። የጂአይኤ ወይም ኤፍጂኤ የሚባለው የእንግሊዝ የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ ማዕረግ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ክፍያውም በሰዓት ወይም በዕቃ ብዛት እንጂ ከዕቃው ዋጋ በመቶኛ አይሁን። ለትናንሾቹ ድንጋዮች ሰርተፊኬት ካልወጣ ብላችሁ አትጨነቁ። የጂአይኤ የደረጃ ሪፖርት ከጌጡ ለወጣ ድንጋይ ነው፣ መነሻውም 0.15 ካራት ነው። ከምሳሌ ቀለበታችን የሚሞላው የመሃሉ ብቻ ነው፤ ለ18 ነጥብ ድንጋይ ብሎ የመቶ ዓመት አተካከል ማፍረስ ደግሞ አያዋጣም።

ለጥገና የምትተዉት ከሆነ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ስልካችሁን ሉፑ ላይ አስጠግታችሁ ፊቱን፣ ጀርባውንና ማኅተሙን ፎቶ አንሱ። በወረቀት ላይ የድንጋዮቹን አቀማመጥ ሥላችሁ በሉፕ ያያችኋቸውን ነጥቦችና ስባሪዎች በየቦታቸው ምልክት አድርጉ። እነዚያ ነጥቦች ድንጋዩ የናንተ መሆኑን ይመሰክራሉ። በአልትራቫዮሌት የትኛው እንደሚያበራም ጻፉበት። ደረሰኙ ላይ «አንድ ቀለበት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፦ ክብደቱ በግራም፣ የድንጋዮቹ ብዛት፣ አቆራረጣቸውና የመሃሉ ስፋት በሚሊሜትር ይግባ። ያረጀ ድንጋይ የሚቀየር ከሆነ የወጣው እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ አስይዙ። ስትረከቡም ከሱቁ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ ሉፓችሁን አውጥታችሁ ከሥዕላችሁ ጋር ድንጋይ በድንጋይ አስተያዩት።